ከአፍንጮ በር ፒያሳ ስልኬን ያነበቡት አባት

ስልክዎን ደረትዎ ላይ ለጥፈው መልእክት ጽፈው ያውቃሉ? ካላወቁ ከአፍንጮ በር ፒያሳ በታክሲ ሄደው አያውቁም ማለት ነው። እዚያ መንገድ ላይ የጎረቤቱን ስልክ የሚያነብ ተሳፋሪ አይጠፋም። የራሱን ስልክ ግን ከኪሱ አያወጣም።

ባለፈው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጡት ባለ ካፖርት አባት ከዚህ ወገን ነበሩ። የታክሲው ሬዲዮ፣ መንግሥት የሰውን የኢንተርኔት መልእክት ይከታተል አይከታተል በሚለው ሕግ ላይ እንግዶች ያከራክራል።

«የሰው መልእክት ማንበብ ነውር ነው! ሕግ ቢፈቅድም ነውር ነው» አሉ አባት፣ ለሾፌሩ እስኪሰማ።

በሐሳባቸው ተስማማሁ። ችግሩ፣ ይህን ሲሉ አገጫቸው ትከሻዬ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። እኔ ደግሞ እንጋባ ላለኝ ሰው ምን እንደምመልስለት ከእህቴ ጋር እየተማከርኩ ነበር።

ታዲያ ምን ላድርግ? ታላቅን መቆጣት አያምርም። ፊደሉን አጉልቼ ጻፍኩ፦ «እህቴ፣ አጠገቤ ያሉት አባት ኮሌታ ላይ ትልቅ ሸረሪት እየሄደ ነው።»

ሸረሪት የሚባል አልነበረም። እሳቸው ግን ኮሌታቸውን በሁለት እጃቸው ይመቱት ጀመር።

«ምነው አባባ፣ ምን ነካዎት?»

«ምንም ልጄ፣ ሸረሪቱ እኮ ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ክርክሩ አልቆ ነበር።

ፒያሳ እስክንወርድ አባት በመስኮት የወርቅ ቤት ማስታወቂያ ብቻ አነበቡ። እኔም ስልኬን ከደረቴ አላቅቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና፣ ለእህቴ የቆረጥኩትን ነገር ዘና ብዬ ጻፍኩላት።

ምን ብዬ? አንገትዎን ይመልሱ እንጂ።