ለአማቼ ጥይት የጨመርኩት ምርቃት

እስቲ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ ዛሬ አማቼን በጠራራ ፀሐይ ልገድለው ነበር!

በክፋት አይደለም። በደግነት ነው። ያውም እኩል ይድረሰው ብዬ!

ሳቁ፣ ግድ የለም። ልጄ አልማዝ እንኳ የሰማች ጊዜ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ለማታውቁኝ፦ እዚህ አሜሪካ፣ ሪችፊልድ የሚባል ከተማ፣ ከአልማዝና ከባሏ ከደረጀ ጋር ነው የምኖረው። ደረጀ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹትል ይነዳል። ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነት አማች ይዘሽ ለምን ትጨቀጭቂዋለሽ አትበሉኝ። ስለምወደው ነው።

ጎረቤታችን ካርል ደግሞ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ። በየዓመቱ አጋዘን አደን ይሄዳል። ዘንድሮ ደረጀን አብሬ እወስድሃለሁ አለው። አፈሙዙ ጣት የሚያስገባ ትልቅ ጠመንጃም አዋሰው።

ደረጀ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም! እዚህ አገር መጥቶ ከሥራና ከቸርች ሌላ የሆነ ቦታ "ና" ያለው የመጀመሪያው ሰው ካርል ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ጥይቱን ከሱቅ አይገዙም። እርሳስ አቅልጠው አረሩን ያወጣሉ፤ የተተኮሰውን ቀለህ ደግሞ መልሰው ባሩድ ይሞሉታል። መኪና የሚቆምበት ጋራዥ ውስጥ!

እናንተ ትገረሙ ይሆናል። እኔ ምን ይገርመኛል? አባቴ ውጅግራ፣ ያን የድሮ ጠመንጃ፣ ነበረው። እርሳሱን ሲያቀልጥ ፍሙን የማራግብለት እኔ ነበርኩ። ባሩዱንም እስከ ቀለሁ አንገት ጢም አድርጎ ሲሞላ አይቻለሁ።

ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ባሩድ ላይ ግን ዲግሪ አለኝ ብዬ ነበር።

ብዬ ነበር!

ዛሬ ጠዋት ባሩድ ሊመርጡ ሲነሱ መኪናው ውስጥ ቀድሜ ገባሁ። ማን ጠራሽ? ማንም።

ሱቁ ውስጥ ለዚያ ጠመንጃና ለእርሳስ አረር ይሆናሉ የተባሉ ሁለት ዓይነቶች ቀረቡ። አንዱ በትልቅ ጣሳ፣ አንዱ በትንሽ ጣሳ። ካርል ትልቁን አነሳና ለደረጀ አንድ ነገር ነገረው። ደረጀም ራሱን ነቀነቀ።

እኔም ትልቁን ጣሳ ተቀበልኩና ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት።

ቅሽ! ቅሽ! ከላይ ባዶ ነው!

"ደረጀ፣ ይሄ ጎደሎ ነው!"

"እማማ፣ ክብደታቸው እኩል ነው። ይኸው ላዩ ላይ ተጽፏል።"

"እኔ የነቀነቅሁት ጽሑፉን ነው እንዴ?"

ትንሹን አነሳሁ። ድፍን ያለ ነው። እጅ ላይ ከበድ ይላል። እኔ ቅቤም ማርም የምመርጠው እንዲህ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ከከበደ አልተጭበረበርኩም።

ሻጩ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው። መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ትልልቅ ጣሳዎች አንድ በአንድ እየነቀነቅሁ ስመልስ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም አፍጥጬ አየሁት። ሌባ ዓይኑን ሲሰብር አውቃለሁ! እሱ ግን አልሰበረም፤ ይኼ ትንሽ ግራ አጋብቶኝ ነበር።

ደረጀ መቼም እምቢ አይለኝም። "እማማ ይሄኛውን መርጠዋል" አለው ለካርል። ካርል አየኝ፣ ጣሳውን አየ። "ኦኬ፣ ይሠራል። ግን እያንዳንዱን በባትሪ እያበራን ቼክ እናደርጋለን" አለ፤ ደረጀ አስተረጎመልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የሚያውቅ ሰው ምን ይጠይቃል?

ጋራዡ ገባን። ወንበር ሰጡኝ፤ ተቀመጥኩና መቆጣጠር ጀመርኩ።

ካርል መጀመሪያ የራሱን ሞላ። እሱ ሌላ የድሮ ጠመንጃ አለው፤ ጥቁር ባሩድ ነው የሚያጎርሰው። ቀለሁን እስከ አፉ ጢም! ልክ እንደ አባቴ። ደስ አለኝ። ሰውየው ሥራ ያውቃል አልኩ።

ቀጥሎ የደረጀን ቀለሆች እንጨት ላይ ደርድሮ፣ የመረጥኩትን ባሩድ በትንሽዬ ማንኪያ ጠብ ጠብ አደረገላቸው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያን የሚያህል ቀለህ፣ ታቹ ላይ አቧራ የመሰለች ነገር!

ለራሱ ጢም፣ ለደረጀ ጠብታ!

ደሜ ፈላ። እኔኮ ቸርች የምሳ ቀን ስጋ የማከፋፍለው ሰው ነኝ። ለፓስተሩም ለጽዳት ሠራተኛውም እኩል ነው የማወጣው፤ የተቆጣ ይቆጣ! አሁን ዓይኔ እያየ፣ ልጁ እንግዳ ስለሆነ፣ አያውቅም ተብሎ፣ ጎደሎ ሊሰጠው?

ደግሞ እስቲ ፍረዱ፤ እኛ አገር ገበያ ጣሳው ሞልቶ እንኳ ምርቃት ሳይጨመርበት ዘወር የሚል ሴት አለ? የሞላውስ ይመረቅበታል፤ ይሄ ገና አልሞላ!

ዝም አልኩ። ዝም ስል ፍሩኝ።

የደረጀ ስልክ ጮኸ፤ ከሥራ ነው፣ ወደ ደጅ ወጣ። ካርል እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ።

ተነሣሁ። ማንኪያዋን አነሣሁ። ለእያንዳንዱ ቀለህ በስመ አብ ብዬ ምርቃቱን ጨመርኩለት።

አንዷን እንኳ አላዳላሁም! እኩል!

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ትያትሩን እዩልኝ!

ደረጀ ተመልሶ የመጀመሪያውን አረር ሊያስገባ ሲያነሳ፣ ካርል ባትሪውን አብርቶ ወደ ቀለሆቹ አጎነበሰ።

"ስቶፕ!"

ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። የካርል ፊት ኖራ መስሏል። ከደረጀ እጅ አረሩን ነጠቀው። ከዚያ በኋላ የተናገረውን እንግሊዝኛ ሁሉ አልሰማሁም፤ ግን ድምፅ ይገባል። ደረጀ አንገቱን ደፍቶ "አላውቅም፣ እኔ አልነካሁም" እያለ ነው።

"ምንድን ነው የሚለው?" አልኩት።

"እማማ፣ ባሩዱ እጥፍ ሆኗል። ይሄ እንደ ጥቁሩ አይደለም፣ ኃይለኛ ነው፤ ትንሿ ትበቃዋለች። ቢተኮስ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር። እኔ ድጋሚ የጨመርኩ መስሎታል።"

"እሺ…ከዚያስ?"

"ከዚያማ…ጥንቃቄ ከሌለህ ጫካ አልወስድህም፣ ጠመንጃውንም መልስ አለኝ።"

ወገኖቼ፣ ምድር ብትከፈት እገባ ነበር።

ግን ኮንክሪት ነው፤ አትከፈትም!

ነገ ከቸርች መልስ ሊተኩሱት ነበርኮ። ያ ሳቂታ ፊት! የልጅ ልጆቼ አባት! እኔ ደግሞ በስመ አብ ብዬ…

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። እውነት ለመናገር ለአፍታ አስቤውም ነበር። ግን ደረጀ ባልሠራው ሥራ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዕድሜዬን ሙሉ እኩል፣ እውነት፣ ፍርድ ስል ኖሬ፣ ተራው እኔ ላይ ሲደርስ ልተኛ?

ተነሣሁ።

"ደረጀ፣ አስተርጉምልኝ። የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ደረጀ ማስተርጎሙን ረስቶ ያየኛል።

"አስተርጉም እንጂ!"

"እማማ…ምን ብለው ነው የጨመሩት?"

"ለራሱ ሞልቶ ላንተ አጎደለብህ! ምርቃት ነው!"

እስቲ አስቡት፤ የኔን ኑዛዜ ለካርል ያስተረጎመው፣ በኔ ምርቃት ሊሞት የነበረው ሰውዬ ነው። ምርቃትን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ገበያ፣ ጣሳ፣ ምስር፣ ጤፍ እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ቆየ። መጨረሻ ላይ "ኤክስትራ፣ ፎር ላቭ" ሲል ሰማሁ።

ካርል ባትሪውን እንደያዘ እኔን አየኝ። እኔም ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ። የሱቁ ሻጭ ያልሰበረውን ዓይን ለካ እኔ ልሰብር ኖሯል።

ከዚያ ሽማግሌው ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጁን ደረጀ ትከሻ ላይ አደረገ። "ሶሪ" አለው።

መጀመሪያ ይቅርታ የጠየቀው እሱን ነው! ሰው ማለት ይሄ ነው። እኔ ሌባ ያደረግሁት ሰውዬ!

ወደኔ ዞሮ ደግሞ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ ደረጀ አስተረጎመልኝ። ጠዋት ትልቁን ጣሳ የመረጠው ለካ ባሩዱ ለስለስ ያለ፣ ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ነው። ያ ቀለሁን ሊሞላው ይቃረባል፤ ተሳስቶ የደገመ ሰው ቢኖር ይፈስና ወዲያው ይታያል። የኔ ድፍኑ ግን ታች ተደብቆ ይቀራል፤ እጥፍ ቢሆንም ዓይን ያታልላል።

ጎደሎ ነው ብዬ የጣልኩት ሐቀኛው ነበር! ሙሉ ነው ብዬ ያቀፍኩት ሸፋጩ!

ቅቤና ባሩድ አንድ አይደሉም፤ ማን ነገረኝ?

ካርል የቀለሆቹን ባሩድ ሰብስቦ ሣሩ ላይ በተነው። ለሣር ጥሩ ነው አለ። አንጀቴ አረረ፤ ግን በዚያ ሰዓት ስለ ብክነት ለመናገር እኔ ማን ነኝ?

ከሰዓት ሱቁ ተመለስን። ጢማሙ ሻጭ ሲያየኝ ትልቁን ጣሳ አወጣና፣ ጆሮው ሥር ነቅንቆ ሰጠኝ።

ዋጥኩት። ይገባኛል!

ጋራዥ ስንመለስ ደረጀ "እማማ፣ ከእንግዲህ ምርቃት ወጥ ላይ ብቻ!" አለኝ። ካርል በአዲሱ ባሩድ ቀለሆቹን ሞልቶ ሲጨርስ፣ እኔ እንኳን ልነካ፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀብሬ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

ካርል ጠራኝ። ባትሪውን እጄ ላይ አኖረው።

"እርስዎ እኩል መሆኑን ይዩልን ነው የሚለው" አለ ደረጀ። "አንዱ ከአንዱ እንዳይበልጥ። ለዚህ ሥራ ከእርስዎ የተሻለ ሰው አላውቅም አለ።"

ዓይኔን እንባ ሞላው። ያው መነጽሬን ጠርጌ ሥራዬን ጀመርኩ! አንድ በአንድ አበራሁባቸው። አንደኛዋ ከፍ ያለች መሰለችኝና "ኖ!" አልኩ። ካርል መዘናት፤ እውነትም ዘለል ብላለች። መልሶ ሞላት።

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ደረጀ ነገ ይተኩሳል፣ አደንም ይሄዳል። እኔ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ማንኪያ መንካት ግን አይፈቀድልኝም።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፤ ሳትጠየቁ የማን ሰሃን ላይ ነው ስትጨምሩ የከረማችሁት?