እግራቸው የታሰረ አስር ሰዓቶች

ትናንት ሌሊት አቶ ወሰንየለህ ሕልም አዩ። ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ግን ሰውዬውን እወቋቸው፤ ሠላሳ ዓመት መሬት ሲቀይሱ የኖሩ፣ አንዲት ስንዝር ተሳስተው የማያውቁ፣ ይህንንም ሳይጠየቁ የሚናገሩ ናቸው። ልጃቸው ሰናይት ቻይና አገር፣ ጓንዡ ከተማ ነገ ታገባለች። አባባ ሳይመርቀኝ ቀለበት አላጠልቅም ብላለች። እሳቸውም ጉዞውን አስልተው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል፦ ርቀቱ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በረራው አስር ሰዓት፣ መነሻው ሁለት ሰዓት ከሩብ። ቀጣዩ አውሮፕላን ከሦስት ቀን በኋላ ስለሆነ በጊዜ ተኙ።

በሕልማቸው አውሮፕላን ማረፊያ ደረሱ። የተሰለፉት ሰዎች ሳይሆኑ ከተሞች ናቸው። ጅማ ፓስፖርቷ ጠፍቶባት ታለቅሳለች። ጓንዡ ሚዛን ላይ ወጥታ ከብዳ ስለተገኘች፣ ወንዟን አውጥታ በእጇ እንድትይዝ ታዘዘች። አውሮፕላኖቹ ቀበቶ ታጥቀው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አብራሪዎች ሻይ ያቀርቡላቸዋል። አቶ ወሰንየለህ ምንም አልደነቃቸውም። ርቀቱን ሊለኩ ሜትራቸውን ቢያወጡ፣ ሜትሩ ቀድሞ እሳቸውን ለካቸውና ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ናቸው ብሎ ጻፈ። ስሌታቸው በመግጠሙ ደስ አላቸው።

የበረራ ሰዓት የሚሸጠው በሩ ላይ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሰዓቶቹን እንደ ዶሮ እግራቸውን አስራ ይዛለች፤ እነሱም ክንፋቸውን ያራግባሉ። «አስር ስጪኝ» አሏት።

«የሌሊቶቹን ነው የቀኖቹን?»

«ሰዓት ሰዓት ነው። ቁጥሩ ይሙላ እንጂ።»

«ተዉ ጌታዬ፣ ይለያያሉ። የሌሊቶቹ ባለቤታቸውን አይጠብቁም።»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ በሆዳቸው። አስሩንም ተቀብለው ቁልቁል አንጠልጥለው ሄዱ።

ከዚያ ርቀቱን እንደ ነጠላ ጫፍና ጫፉን ይዘው አጠፉት። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ሰናይት ነጭ ለብሳ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ በመካከላቸው የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ለምርቃት እጃቸውን ሲዘረጉ ገመዱ ተፈታና ሰዓቶቹ ቱር ብለው በረሩ። የመጨረሻው ዞር ብሎ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ።

የጎረቤት አውራ ዶሮ ነበር። አቶ ወሰንየለህ ነቁ። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ አለኝ ብለው፣ እያፏጩ ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ከረባታቸውን ሲያስሩ ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ናት።

«አባባ?» አለች ግራ ተጋብታ። «እንደማይሠራ እያወቅኩ ነበር የሞከርኩት። አየር ላይ ስልክ ይሠራል እንዴ?»

ትኬቱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ የት ደረስክ?»

ልማድ ነውና በልባቸው አሰሉ። ከተነሳ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ፣ በሰዓት ስምንት መቶ።

«አውሮፕላኑ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ አሁን ዓረብ ባሕር ላይ ነው» አሉ። «ስንዝር አላዛነፍኩም ልጄ። እኔ ግን ቤት ነኝ።»