ቀይዋ መኪና ምን ትጠጣ?

ማደያ ገብታችሁ «የትኛውን ቤንዚን ልቅዳልዎ?» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ተብዬ አላውቅም። እኛ ዘንድ ምርጫው ሁለት ነው፤ ቤንዚን ወይ ናፍጣ። አንዳንድ ቀን ሦስተኛ ይጨመርበታል፤ «የለም»። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን ሦስተኛው ነው። አዳማ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ያረፈደ ሰው ቤንዚን ሲደርሰው «ተመስገን» ይላል እንጂ የቤንዚኑን ዘር ማንዘር አይጠይቅም።

ጋሽ ዳንኤል ግን ጠየቁ።

ጋሽ ዳንኤል ፋርማሲስት ናቸው። የእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከእርሳቸው መድኃኒት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፤ ሲያስነጥሱ ሳይቀር «ይማርዎ» የምላቸው ከዚሁ ከሱቄ ሆኜ ነው። አዋቂ ናቸው። ደግ ናቸው። አንድ አመል ግን አለባቸው፤ የተጻፈ ነገር ካዩ ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ አይለቁም። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ማስታገሻ ልገዛ ገባሁ። ወረቀቱን ዘረጉት። ኩላሊትህስ? ጉበትህስ? ጨጓራህስ? ምን በላህ? መቼ በላህ? ጨርሰው ክኒኑን ሲያቀብሉኝ ራስ ምታቱ ለቆኝ ነበር። ገንዘቤን ይዤ ወጣሁ። ለመድኃኒት ቤት ይህ ኪሳራ ነው፤ እርሳቸው ግን ደስ አላቸው።

እኚህ ሰው አራት ልጆች አሳድገዋል። ያሳደጓቸውም ባንዲት አሮጌ፣ ሰፊ፣ ቤት በምታክል መኪና እየጫኑ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ቸርች፣ ገበያ። የመጨረሻዋ ልጅ ሥራ አግኝታ ሐዋሳ ስትሄድ ግቢው ጭር አለ። ባለቤታቸው እትዬ ሌንሴ ከልማዳቸው የስድስት ሰው ወጥ እየሠሩ ለጎረቤት ማደል ጀመሩ። ጎረቤቱ እኔ ስለሆንኩ አልተቃወምኩም። ጋሽ ዳንኤል ታዲያ አንድ ቀን ትልቋን መኪና ሸጡና ከአዲስ አበባ ሌላ ይዘው መጡ።

እናንተዬ! ቀይ ናት። ዝቅ ያለች ናት፤ ተቀምጣ የምታርፍ ዶሮ ትመስላለች። የእሽቅድምድም መኪና ናት እንግዲህ፤ ገና ፕላስቲኩ ከወንበሯ ያልተገፈፈ አዲስ። ወንበሯም ሁለት ብቻ።

«ሌላው ሰው የት ይቀመጣል?» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው የለማ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ሁለታችን ነን።»

እንዴት ደስ አይልም? እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የነዳጅ መክደኛዋን እስኪከፍቱት ድረስ። ከመክደኛው ውስጥ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፍ ካለ ደግሞ ጋሽ ዳንኤል ያነባሉ። «ኦክቴን ዘጠና ስምንት» ይላል። እኔ ለጎማው ንፋስ መስሎኝ ነበር።

«ኦክቴን ማለት» አሉ፣ እጃቸውን እንደ መምህር እያወናጨፉ፣ «የቤንዚኑ ትዕግሥት ማለት ነው። ሞተር ውስጥ ሲታመቅ፣ ሲግል፣ እሳት ሳይለኮስበት ቀድሞ እንዳይነድ የሚያደርገው ነው። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ያለ ጊዜው ቦግ ይላል። ያኔ ሞተሩ ያንኳኳል። እያንኳኳ ከነዱት ውሎ አድሮ ይጎዳል። የዚች ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ትዕግሥተኛ ቤንዚን ትፈልጋለች።»

እትዬ ሌንሴ በረንዳ ላይ ልብስ እያጠፉ ያዳምጣሉ። «የጠፋው ትዕግሥት ከሆነማ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ካንተ ጋር የኖርኩት እኔ አለሁልህ አይደል? እኔን ቅዳ!»

ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ማደያ ሄዱ። የምትቀዳዋን ልጅ «የቤንዚናችሁ ቁጥር ስንት ነው?» ቢሏት «ቁጥር ሦስት ላይ ይሰለፉ አባባ» አለቻቸው። ከዚያ ወሬው ወጣ። ወሬ ከወጣ ደግሞ አዳማ ውስጥ መካሪ አይጠፋም። ባለ ባጃጁ «እኔ ያገኘሁትን ነው የማጠጣት፣ አስነጥሷት አያውቅም» አላቸው። አንዱ ዘመዳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ለብል የሚደረገውን ነጭ ኳስ ፈጭተው እንዲጨምሩበት መከራቸው። ጋሽ ዳንኤል ይህን ሲሰሙ ቁጭ ብለው ውኃ ጠየቁ። የቸርቹ ሽማግሌ «ጸልየን እንቅዳው» አሉ። ሌላው ከአዲስ አበባ ኦክቴን ይጨምራል የተባለ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ አመጣላቸው። ጽሑፉ በቻይንኛ ነው። ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ መለሱለት። «ማንበብ የማልችለውን መድኃኒት ለማንም አልሰጥም» አሉ፣ «ለብረትም ቢሆን። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።»

እንዲህ እየተባለ መኪናዋ ግቢ ቀረች። ሻጩ ሞልቶ የሰጣቸው ቤንዚን አለ፤ ትክክለኛው ነው ብሎ ምሎላቸዋል። እርሱን እንደ ቅርስ ይቆጥቡታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቧታል፣ ሞተሯን አስነስተው ትንሽ ያዳምጧታል፣ ያጠፏታል፣ ያለብሷታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? የእርሳቸው ላም በግቢ ናት፤ ይኸው ነው ልዩነቱ።

አንድ ከሰዓት በአጥር ብቅ ብል እትዬ ሌንሴ መኪናዋ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በሩ ተዘግቷል፣ ቀበቶ አስረዋል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ሐዋሳ፣ ልጄ ጋ።»

«ደረሱ?»

«ኧረ ገና ሞጆ ነን» አሉኝ።

ሳቅን። ግን ልንገራችሁ፣ ሳቁ ቶሎ አለቀብኝ። ሴትዮዋ ለመኪና አልነበረም የጓጉት። ባላቸው ናቸው «ሁለታችን ነን» ያሉት፤ ሁለቱ ግን የትም አልሄዱም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእትዬ ሌንሴ የእህታቸው ልጅ ቦንቱ አርሲ ነገሌ ልታገባ ቀን ተቆረጠ። ጋሽ ዳንኤል ለሙሽሮቹ ምክር እንዲሰጡ ተጠየቁ። ምክራቸውን ጽፈው ጨረሱ፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው። መቼም የእርሳቸው ምክር እንደ መድኃኒት ወረቀት ነው፤ ማስጠንቀቂያው ከጥቅሙ ይበዛል። የጉዞው ነገር ሲነሣ ግን «እኛም በሚኒባሱ ከሰው ጋር እንሂድ» አሉ።

እትዬ ሌንሴ ገብተው የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ይዘው ወጡና አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የተባለው ነዳጅ ካልተገኘ ዝቅ ባለው ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል ይላል።

«ይህን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«‹ካልተገኘ› ነው የሚለው። ገና እየፈለግን ነው።»

«ዳንኤል» አሉ እትዬ ሌንሴ፣ በዝግታ። «እኔ እዚች ወንበር ላይ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ አረጀሁ። ነገ ወይ በዚች እንሄዳለን፣ ወይ እኔ በሚኒባስ ሄጄ ባሌ ከቀይዋ ጋር ቀረ ብዬ ለዘመድ እናገራለሁ።»

በማግስቱ በቀይዋ ሄዱ።

እኔና ሌላው ዘመድ አዝማድ ከኋላ በሚኒባስ ተነሣን። ከኋላ ስል ለትንሽ ጊዜ ነው። ቆቃ ሳንደርስ አለፍናቸው። ጋሽ ዳንኤል ያቺን የእሽቅድምድም መኪና እንደ በሽተኛ እያዘገሙ ይነዷታል፤ ቁጠባ ነዋ! መቂ ላይ ሻይ ጠጥተን ስንወጣ አንድ የአህያ ጋሪ እያለፋቸው አየሁ። ባለጋሪው ዘወር ብሎ በእጁ ሰላም አላቸው። በአክብሮት ነው።

ባቱ ላይ ቤንዚኑ አለቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያዳምጡት የጨረሱት እርሱ ነው። ማደያው ደግሞ ሦስተኛውን ምርጫ ሰጣቸው፤ «የለም»። ከማደያው ወዲህ አንዲት ሴት በውኃ ፕላስቲክ ቤንዚን ደርድራ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። የእኛ ሚኒባስ እዚያው ቆሞ ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ጋሽ ዳንኤል አንዱን አነሡ። ነቀነቁት። አሸተቱት። ወደ ፀሐይ አነሡት።

«ኦክቴኑ ስንት ነው?»

«አንዱ ሁለት ሊትር ነው፣ ጋሼ።»

ላብ አጠመቃቸው። ዕድሜ ልካቸውን የማያውቁትን ነገር ለማንም ሰጥተው አያውቁም። እትዬ ሌንሴ ወረዱ። ለሴትዮዋ «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ጥቂት ተጨዋወቱ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቁ፣ መረቁ። ከዚያ ጠርሙሱን ከባላቸው እጅ ወሰዱና «አንተ ዞር በል» አሉ፤ ልጅ መርፌ ሲወጋ አባትየውን ከክፍል እንደሚያስወጡት። ራሳቸው ቀዱት። ጋሽ ዳንኤል ከከተማዋ ዳር ወዳለው ሐይቅ ዞረው ቆሙ።

ከባቱ በኋላ ያለውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። በጋሽ ዳንኤል አነጋገር፣ ቡልቡላን እንዳለፉ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ጉድጓድ ላይ ይብሳል። ዳገት ላይ ይብሳል። በእትዬ ሌንሴ አነጋገር ደግሞ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ነፋሱ ሻሻቸውን ይዞት ሄዷል፣ ግራሩ ወደ ኋላ ይሮጣል። ሻሹ ሲበር ሳቅ ያዛቸው። እንባ በእንባ እስኪሆኑ ሳቁ።

«ይህን ሳቅ ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት ነበር የማውቀው» አሉኝ ጋሽ ዳንኤል፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰው አለመኖሩን ዞር ብለው አይተው። «ማንኳኳቱን ማዳመጥ ተውኩ። እግሬ ራሱ ነዳጁን ረገጠው።» ከእኛ ሚኒባስ ጎን ሽው ሲል ያየሁት ቀይ ነገር ለካ ይኸው ነበር።

አርሲ ነገሌ ከሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ጋሽ ዳንኤል ስለ ሞተሩ ለቅሶ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። እትዬ ሌንሴ የስጦታውን ዕቃ ለማውረድ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈቱ። ለቦንቱ የገዙት የድስት ስብስብ ካርቶኑ ተቀዶ፣ ድስትና ክዳን ተበታትኖ ይንከባለላል። አንዱን ክዳን አንሥተው ካንዱ ድስት ጋር መታ መታ አደረጉት። ቃ፣ ቃ፣ ቃ።

ጋሽ ዳንኤል ድስቱን ተቀብለው ራሳቸው አንዴ መቱት። «ይኸው ነው» ብቻ አሉ።

በማግስቱ የሆነው ሰርግ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ሙሽራው ይዞት የመጣው ያጌጠ መኪና ደጃፍ ላይ ጭስ አንቡልቡሎ ቆመ፤ አልነሣም አለ። ቦንቱ ቬሎዋን እንደለበሰች ልታለቅስ ደረሰች። የሰው ዓይን ሁሉ ባንዴ ወደ ቀይዋ ዞረ። ግን ወንበሯ ሁለት ነው። ሙሽራው መንዳት አይችልም። ጋሽ ዳንኤል ቁልፋቸውን ለሌላ አይሰጡም። ምን ይደረግ? ሙሽራዋ ከጋሽ ዳንኤል ጋር ገባች፤ ሙሽራው ሱፉን እንደለበሰ አበባ ታቅፎ በባጃጅ ከኋላ ተከተለ። አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቆመው «ምነው! ይህችን የመሰለች ልጅ ለሽማግሌ ዳሯት?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ዳንኤል ሙሽራዋን ቸርቹ በር ላይ አወረዱና «ሌንሴ ቤት ቀርታለች፣ አምጥቻት መጣሁ» ብለው ተመለሱ።

መዝሙሩ ተዘመረ። ጸሎቱ ተጸለየ። ፓስተሩ «አሁን አባታችን ጋሽ ዳንኤል ምክር ይሰጡናል» አሉ። ዝም። ደግመው ጠሩ። ዝም። ኳየሩ አንድ መዝሙር ጨመረ፣ ሌላም ጨመረ። እኔ ስልክ ብደውል አይነሣም። ሮጬ ቤት ብሄድ ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤት ብጠይቅ «ቀይዋ? ወደ ላንጋኖ ሐይቅ በኩል ሄደች እኮ» አሉኝ። ምን ይጠበቃል? ፓስተሩ ቃል ኪዳኑን አስገቡና አጋቧቸው።

ሁለቱ የመጡት ምሳ ተበልቶ ኬክ ሲቆረስ ነው። የጋሽ ዳንኤል ሱሪ እስከ ጉልበቱ ርጥብ ነው። የእትዬ ሌንሴ ጫማ አሸዋ ሞልቶታል። ሁለቱም ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። ማን ይቆጣቸው? ጋሽ ዳንኤል ከኪሳቸው የራሰ ወረቀት አውጥተው ለሙሽራው ሰጡትና «ሲደርቅ አንብቡት» አሉት። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። እስካሁን የደረቀ አይመስለኝም።

እንግዲህ ቦንቱና ባሏ ሳይመከሩ ተጋቡ። ይኸው ተዋደው፣ ተሳስቀው ይኖራሉ። ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ዘመድ ልጁን ሊድር ነው፤ ጋሽ ዳንኤል አሁንም ለምክር ተጠርተዋል። እርሳቸው መጻፍ ጀምረዋል። የሙሽራዋ እናት ግን ቀድማ ለእትዬ ሌንሴ ደወለችላቸው አሉ።

«እባክሽ እህቴ» ብላ ለመነቻቸው፣ «ልክ እንደ ቦንቱ ሰርግ፣ ምክሩ ላይ ሲደረስ ይዘሽልን ጥፊ።»