የፈራሁት አምፔር

ሰው በማያውቀው ነገር ሲጠነቀቅ ነው ጣጣ የሚመጣው። ደፋር ሲሳሳት ቶሎ ይነቃል፤ ጥንቁቅ ግን ተሳስቶም «እንኳን ተጠነቀቅሁ» እያለ ይኖራል። እኔ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ከጥንቁቆቹ ወገን ነኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው። አብነት አካባቢ ጎረቤታችን የነበሩት ጋሼ ከድር፣ እህል በረንዳ ጤፍ የሚሸጡ የወሎ ሰው፣ ልጃቸውን ይድራሉ። ሰዓት እላፊ ስላለ ሠርጉ በጠራራ ፀሐይ ነው። በሰፈሩ ቴፕ ያለኝ እኔ ነኝና ዘፈኑ በእኔ ላይ ወደቀ። ይህ ምን ያህል ሹመት እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ ያን ሰሞን የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፋ። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጠው ወዳጄ ወደ ሸምሱ ቴፔን ይዤ ሄድኩና በመብራት የሚያሠራው አዳፕተር አምጣ አልኩት። ሁለት አቀረበልኝ። ቮልታቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ግን አምፔሩ የሌላው ሲሶ ነው። ሸምሱ የቴፑን ጀርባ አንብቦ ትልቁን ውሰድ አለኝ። አምፔር ሲበዛ ቴፑን አያቃጥልብኝም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ድግስ ስለሰፋ የእንግዳ ሆድ አይፈነዳም፤ ቴፑ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚወስደው። ጣጣው ድግሱ ሲያንስ ነው» አለኝ። አነጋገሩ በጣም ደስ አለኝ። ትንሹን ገዛሁ።

ሠርጉ ላይ ቴፑ መጀመሪያ ደህና ዘፈነ። የሙሽራው ወገኖች ድምፁ ይጨመር ሲሉ ግን፣ ጨመርኩና ዘፈኑ መጎተት ያዘ። ቀጭን ድምፅ የነበራት ዘፋኝ እንደ ጎልማሳ ጎረነነች። እስክስታ የሚወርዱት ወጣቶች ትከሻቸውን ሰቅለው የሚቀጥለውን ምት ይጠብቃሉ። አዳፕተሩን ብነካው ከረመጥ የወጣ ድንች ሆኗል። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ አየችኝ። የሰው ሠርግ ማበላሸት በምን ይካሳል?

ቴፑን እያቃሰተ ትቼ ወደ ሸምሱ ሮጥኩ። የሆነውን ስነግረው ነገር ሳያበዛ «ድግሱ አነሰ?» ብሎ ትልቁን አቀበለኝ።

ተመልሼ ስሰካው ዘፋኟ ድምፅዋ ተመለሰላት፣ ከበሮው ነጠረ፣ ወጣቱ ሁሉ ተነሥቶ ዳሱን አናወጠው። አዳፕተሩን ዳበስኩት፤ ለብ ከማለት አላለፈም። ከዚያ በኋላ ጥግ ይዤ ጮማዬን በሰላም በላሁ፤ እንደዚያ ቀን ምግብ ጥሞኝ አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ከድር በምልክት ጠሩኝ። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ አጠገባቸው የሙሽራው አያት እያለከለኩ ተቀምጠዋል። ጋሼ ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ተጠንቅቀው፣

«ልጄ፣ ብዙ ደከምክ፤ አላህ ይስጥህ። ግን ይሄ አዲሱ ዕቃ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ዘፈኑን ያስሮጠዋል። እኛ ሽማግሌዎቹ ገና መጨፈር ስንጀምር ደህናውን ለምን ነቀልከው?» አሉኝ።