የአጣና ፈረሰኞች

ጡረታ የወጣ አስተማሪን ምክር መጠየቅ የቧንቧ ውሃ ከፍቶ እንደ መርሳት ነው፤ ግቢው እስኪጥለቀለቅ አያቆምም። ይህን ስላችሁ ሌላ ሰው የማማ እንዳይመስላችሁ፤ ራሴን ነው። በተለይ ስለ ልጆች ሥነ ምግባር የጠየቀኝ ሰው አለቀለት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ልጅ የሚጎድለውን ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ልጅ የሚያውቀውን ግን ጠይቄ አላውቅም።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ከቤቴ ጀርባ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አለ። ርእሰ መምህርቷ ትርሲት ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ውርጭ ሲጀምር ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ፈረንጆቹ ለሕፃናት እንደ ጥንት ፈረሰኞቻቸው የካርቶን ጋሻ እያስያዙና የካርቶን ጥሩር እያለበሱ ጨዋነትንና መተባበርን ሲያስተምሩ አሳየችኝ። “ጋሼ፣ እኛ ፈረሰኛ አጥተን ነው?” አለችኝ። አላጣንም! ቧንቧው ተከፈተ።

በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣና አስመጥቼ በአንዱ አጣና ላይ አምስት አምስት ልጅ አስፈናጠጥኩ። አንዱ ቢቸኩል አምስቱም ይወድቃሉ፤ አንዱ ቢለግም ፈረሱ አይንቀሳቀስም። ሁለት ቀን ሲወድቁ ሲነሱ ከርመው በሦስተኛው ቀን እግራቸው ገጠመ። ፉከራም አስጠናኋቸው፤ ፉከራ የሌለው ፈረሰኛ ምኑን ፈረሰኛ ሆነ! “ዘራፍ! እጁን ሳይታጠብ የማይበላ!” “ዘራፍ! የጓደኛውን እርሳስ የሚመልስ!” እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኮራሁ። እኔ ራሴ በቅሎ ላይ እንኳ ወጥቼ እንደማላውቅ ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ለሥልጠናው መዝጊያ ቀን ያሰብኩት ጨዋታ እንዲህ ነበር። ፈረስ ላይ ያልወጡት ሰባት ታናናሾች ክፍላቸው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እነሱ በጠላት የተከበበ ከተማ ናቸው። ታላላቆቹ ፈረሰኞች ከሜዳው እየፎከሩ ይመጡና ነጻ ያወጧቸዋል። ከዚያ ብስኩት ይታደላል። ምን ይጎድለዋል?

ከሰባቱ መካከል ሐያት ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው፤ በዕድሜዋ ከፈረሰኞቹ ጋር መሆን ነበረባት፤ ሦስት ዓመት የሆነውን ወንድሟን ኑሩን ትቼ አልሄድም ስላለች ከታናናሾቹ ጋር ተቀመጠች። እናታቸው ከወለጋ ተፈናቅላ ይዛቸው መጥታ ከተማው ዳር ያለው መጠለያ ውስጥ ነው የምትኖረው። ይህን አውቅ ነበር፤ አላሰብኩበትም እንጂ።

ቀኑ ደረሰ። ታናናሾቹን የምትጠብቀው ሞግዚት ብስኩቱን ልታመጣ ወጣ ባለችበት ሰዓት ሃያ አምስት ፈረሰኛ ከሜዳው ማዶ “ዘራፍ!” እያለ ተነሳ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ከልጆቹ ሁሉ አብልጬ እየጮህኩ እከተላለሁ። በሩን በርግደን ገባን። ክፍሉ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ሰባት ጥንድ ትንንሽ ጫማ ብቻ ቀርቷል።

ተከትላን የገባችው ትርሲት “የት ገቡ?” ብላ ጮኸች። የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ሳየው ወጣሁ። ከውሃው ሮቶና ከአጥሩ መሃል፣ በዚያ ብርድ፣ በካልሲ ብቻ፣ ሰባቱም ተጠጋግተው ቁጢጥ ብለዋል። ጫማቸውን ያስወለቀቻቸው ሐያት ናት፤ ኮቴያቸው እንዳይሰማ። በአንድ እጇ የኑሩን አፍ ይዛለች። አንድም ልጅ አያለቅስም። እኔ አምስት ልጅ አብሮ ለማራመድ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እሷ ስድስቱን በአንድ ትንፋሽ አስከትላቸዋለች።

“ዝቅ በሉ ጋሼ፣” አለችኝ በሹክሹክታ። “ያዩናል።”

ጨዋታ እኮ ነው ልላት ነበር፤ ተውኩት። ጉልበቴ እየተንቋቋ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ፤ እሷም ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ዘራፍ ሲባል ስንት ዘመን ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜ ከሚጮኸው ወገን ሆኜ ነው። በር ዘግቶ ለሚያዳምጠው ምን እንደሚመስል ያን ቀን ገባኝ። አፈርኩ።

እናትየዋ ልትወስዳቸው ስትመጣ እንዳጠፋ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት። ትቆጣለች ስል አልተቆጣችም። የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

“ረስታዋለች ብዬ ነበር እኮ ጋሼ፣” አለች።

ፈረሰኞቹን በማግስቱ ላፈርሳቸው ነበር። ትርሲት “ልጆቹ ምን አጠፉ?” አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናም ደንቡን ቀየርነው። አሁን ፈረሰኞቻችን አጣናቸውን ውጭ ያስቀምጡና በር ያንኳኳሉ፤ “መግባት ይቻላል?” ብለው ይጠይቃሉ። ከውስጥ የምትመልሰው ሐያት ናት። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፈረሰኛ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ “አይቻልም” ብላቸዋለች። ሃያ አምስቱም በብርዱ ቆመው ጠበቁ።