የሰርጉ አጥንት በማይክሮስኮፕ

አንባቢዬ፣ አጥንት በማይክሮስኮፕ ከሚመረምር ሰው ጎን ተቀምጠው በልተው ያውቃሉ? አይሞክሩት።

ሰበታ፣ በኦቦ ለሜሳ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ጃንሆይ ውጭ አገር ልከው ያስተማሩት አንድ ወጣት ከጎኔ ተቀመጠ። የበሬ አጥንት ውስጡ እንደ ጡብ የተደረደረ፣ የአህያ ግን ክብ ክብ የሚበዛበት መሆኑን እያስረዳኝ የጋጥኩትን አጥንት በመሐረቡ ጠቅልሎ ወሰደ።

በሳምንቱ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ያ አጥንት እኮ ክብ ክቡ በዛብኝ» አለኝ።

አህያ በላን ማለት ነው! ሮጬ ወጥቼ ለሰርገኛው ሁሉ አወራሁ። ሰርጉን የበላ ሁሉ ወደ ንስሐ አባቱ ሮጠ፤ ጾምና ስግደት ታዘዘብን። ኦቦ ለሜሳ፣ «ዋቀዮ ያውቃል፣ በሬ ነው ያረድኩት» ቢሉ ማን ይስማቸው?

ጾሙን ስንጨርስ ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «ለካ በሬም ሲያረጅ ክቡ ይበዛል» አለኝ።

አምኜዋለሁ። ግን እስከ ዛሬ አህያ ባናፋ ቁጥር ሆዴን እይዛለሁ።