ለሣር የተገዛ ወንበር

ምክር ጠይቆ የራሱን የሚሠራ ሰው አታውቁም? የኔው ጎረቤት ነው፤ ቶላ ይባላል። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ የተረፈች የሣር መሬትና ጥቂት ላሞች አሉት። ሣር የሚጭንበት አህያው ሲያረጅበት ቻርጅ የምትደረግ የጎልፍ መኪና ልገዛ ነው ብሎ መጣ።

«አባባ፣ ጭነት የምትይዘውን ላምጣ ወይስ ባለ ስድስት ወንበሯን?»

«ሣር ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

ባለ ወንበሯን ገዛ። ቆዳው ያምራል አለ።

የላሞቹ የዓመት ቀለብ ታጭዶ ሜዳ ላይ እያለ፣ ያለወቅቱ ሰማዩ ጠቆረ። ቶላ ሣሩን ሊያስገባ መኪናዋን አስነሣ። ገና ከደጁ ሳይርቅ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «እስከ ለቅሶው ቤት አድርሰኝ ልጄ» ብለው ተሳፈሩ። ሦስት የእድር ሰዎችና እኔም ተከትለን ገባን። ወንበር ባዶ እያለ ሽማግሌን በእግርህ ሂድ የሚል አፍ ማን አለው?

ለቅሶው ቤት ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ቶላ ከሟች ዘመዶች ብሶ ሊያለቅስ ደረሰ።

«አባባ፣ ሣሬ በሰበሰ እኮ! አንቱ እንኳ በእግርዎ ቢመጡ ምን ነበረበት?»

«ባለ ጭነቷን ግዛ ብዬህ ነበር» አልኩት፣ ከፊት ወንበሩ ንቅንቅ ሳልል። «ብትሰማኝ ኖሮ ሣሩ ላይ ተቀምጬ እመጣ ነበር።»